ባለ ሦስት እግሩ ድስትና ሦስቱ ጉልቻ

በደቡብ አፍሪካ ጉልቻ የማይፈልግ ድስት አለ። ጥቁር ብረት ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ክዳኑ ከባድ። ሦስት እግሮች ከሥሩ አብረውት ተቀልጠው ወጥተዋል። ፍም ባለበት ሁሉ ይቆማል፤ ድንጋይ ፍለጋ መዞር የለም። «ፖይኪ» ይሉታል፣ ትንሽ ድስት ለማለት። በውስጡ ሰዓታት ፈጅቶ የሚበስለውን የሥጋና የአትክልት ወጥ ደግሞ «ፖይኪኮስ» ይሉታል፤ የትንሿ ድስት ምግብ ማለት ነው። የአፍሪካነሮች ባህላዊ ምግብ ተብሎ ይታወቃል።

አፍሪካነር የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከ1652 ጀምሮ በኬፕ ከሰፈሩት ደቾች፣ በኋላም ከተጨመሩት ጀርመኖችና ፈረንሳዮች የተወለዱ፣ አፍሪካንስ የሚናገሩ ነጮች ናቸው። እኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት «ቦር» በሚለው ስም ነው። የአፓርታይድን ሥርዓት የገነባው መንግሥት የእነርሱ ፓርቲ መንግሥት ነበር።

ዛሬ ስለዚህ ድስት የምጽፍላችሁ የምግብ አሠራር ገጽ ልከፍት አስቤ አይደለም፤ አሠራሩን ግን ከታች ታገኙታላችሁ። ምክንያቶቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የምኖርባት ኮልፌ ከዚያ ሕዝብ ታሪክ ጋር የቆየ ሒሳብ አላት። ሁለተኛው፣ ስልካችንን በከፈትን ቁጥር «ይህ ምግብ የእኛ ነው፤ እናንተ ከእኛ ነው የወሰዳችሁት» የሚል ሙግት እናነባለን። ክትፎ የማን ነው፣ ጭኮ የማን ነው፣ ዶሮ ወጥ የማን ነው። ሙግቱ ከወጥ ጀምሮ ድንበር ላይ ያርፋል። የሩቅ ሰው ድስት መመልከት የራስን ድስት ለማየት ይረዳል ብዬ ነው።

ልል የምፈልገውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ምግብን የብሔር ባንዲራ የሚያደርግ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጠፋው የአብሳዩን ስም ነው። ይህ በኬፕ ሆኗል፤ እኛም ዘንድ እየሆነ ነው።

ከመርከብ ወደ ሠረገላ

ድስቱ ከአውሮፓ መጣ። ደቾች ስለ ወጣቸው የሚያወሩት አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1574 ላይደን የተባለችው ከተማቸው በስፔን ጦር ተከብባ በረሃብ ስታልቅ፣ ከበባው በጥቅምት 3 ቀን ተሰበረ። ስፔኖቹ ጥለውት በሸሹት ሰፈር ውስጥ ትኩስ የወጥ ድስት ተገኘ ይባላል። እስከ ዛሬ ድረስ የላይደን ሰዎች በየዓመቱ በዚያ ቀን የካሮት፣ የሽንኩርትና የሥጋ ወጥ ይበላሉ። ልብ በሉ፤ በአፈ ታሪኩ እንኳ ድስቱ የጠላት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1652 ያን ቫን ሪቤክ የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ወክሎ ኬፕ ላይ ሲያርፍ ዓላማው አገር መመሥረት አልነበረም። ወደ እስያ የሚመላለሱ መርከቦች ትኩስ አትክልትና ሥጋ የሚያገኙበት ማረፊያ ማዘጋጀት ነበር። በሌላ አነጋገር ኬፕ የተጀመረችው እንደ ጓሮና እንደ ኩሽና ነው። ከብቱ የኮይኮይ እረኞች ከብት ነበር፤ መጀመሪያ በልውውጥ፣ ኋላም በጉልበት ተወሰደ። ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ ባሮች ሆኑ። ከ1658 ጀምሮ ከምዕራብ አፍሪካና ከአንጎላ፣ ከዚያም ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድ፣ ከሲሎንና ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምንላቸው ደሴቶች በመርከብ ተጋዙ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሮቹ ቁጥር ከነጻ ሰፋሪዎቹ በልጦ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በየጌታቸው ቤት እሳት ዳር ቆሙ። ቅርንፉዱ፣ ድንብላሉ፣ ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ ወደ ደቹ ደረቅ ወጥ የገባው በእነርሱ እጅ ነው። ዛሬ የኬፕ ምግብ ተብሎ የሚወደሰው ብዙው ነገር፣ «ብሬዲ» የሚሉትን በዝግታ የሚበስል የበግና የቲማቲም ወጥ ጨምሮ፣ ከባሮችና ከልጆቻቸው ኩሽና የወጣ ነው። ከጎኑ ሳይለይ የሚቀርበው በቆሎ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ እህል ሲሆን ገንፎ አድርጎ ማገንፋቱ የጥቁሩ ገበሬ ልማድ ነው።

ቋንቋውም ከዚያው ኩሽና ወጣ። ደችኛ በጌታና በባሪያ፣ በእመቤትና በሞግዚት መካከል ሲነገር ተሰባበረ፣ ተቃለለ፣ አፍሪካንስ ሆነ። የተማሩት ደቾች ንቀው «የኩሽና ቋንቋ» ይሉት ነበር። በአፍሪካንስ ከተጻፉት ቀደምት ጽሑፎች መካከል በአረብኛ ፊደል የተጻፉ አሉ፤ ጸሐፊዎቹ የኬፕ ሙስሊሞች ናቸው። ከኦቶማን አገር የመጣው ሊቅ አቡ በክር ኤፌንዲ በዚሁ መንገድ የጻፈው የሃይማኖት መጽሐፍ በ1877 ኢስታንቡል ታትሟል። በአረብኛ ፊደል አገርኛ ቋንቋ መጻፍ ለወሎና ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ያ ከኩሽና የወጣ ቋንቋ በ1925 የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ሰኔ 16 ቀን 1976 ደግሞ የሶዌቶ ተማሪዎች ይኸው ቋንቋ በትምህርት ቤታቸው በግድ እንዳይጫንባቸው አደባባይ ወጥተው በጥይት ተመቱ። የባሪያ ልጆች ያቀኑት ቋንቋ ሌሎች ልጆች የሚገረፉበት አለንጋ ሆኖ ተመለሰ።

ሠረገላው ማንን ረሳ?

በ1834 መጨረሻ እንግሊዞች በኬፕ ባርነትን ሻሩ። በእንግሊዝ አገዛዝና በባሮቹ ነጻ መውጣት የተቆጡ ሺዎች ቦሮች በበሬ የሚጎተት ሠረገላ ጭነው ወደ መሀል አገር ተሰደዱ። ታላቁ ጉዞ ይሉታል። ባለ ሦስት እግሩ ድስት ስሙን ያገኘው በዚህ ጉዞ ነው። ቀን ከሠረገላው ሥር ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ማታ ይጣዳል፤ የቀኑ አደን ይጨመርበታል፤ ትናንት የተረፈው ለዛሬ መረቅ ይሆናል ይባላል።

በሥዕሉ ላይ የማይታየው ነገር ግን አለ። ከሠረገላዎቹ ጋር የተጓዙት ቦሮች ብቻ አልነበሩም። ትናንት ባሪያ የነበሩና አገልጋይ የሆኑ ብዙ ሺህ ሰዎች አብረው ተጉዘዋል። በሬዎቹን የነዱ፣ እንጨት የለቀሙ፣ ውሃ የቀዱ፣ እሳቱን ያነደዱ እነርሱ ናቸው። በ1938 የጉዞው መቶኛ ዓመት ሲከበር ሠረገላዎች ከኬፕ ታውን እስከ ፕሪቶሪያ ተነዱ፤ ሕዝቡ በየመንገዱ እያለቀሰ ተቀበላቸው። ብሔርተኝነቱ ጋለ። በ1948 የአፍሪካነሮቹ ብሔራዊ ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ፤ አፓርታይድ ሕግ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 16 በፕሪቶሪያ ኮረብታ ላይ ግዙፉ የጉዞው ሐውልት ተመረቀ፤ ዙሪያውን በድንጋይ የተቀረጹ ሠረገላዎች ከብበውታል። እንጨት ለቃሚዋና እሳት አንዳጇ ግን በዚያ ድግስ ቦታ አልነበራቸውም።

ሒሳቡ ኮልፌ ሲደርስ

ደቡብ አፍሪካውያን ወደ እኛ አገር በብዛት የመጡት በጦርነት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከኬንያ በኩል ከገባው ጦር ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ብርጌዶች ነበሩበት። በየካቲት ሜጋን ያዙ፤ በግንቦት አምባላጌ ላይ ተዋጉ። በመካከላቸው አፍሪካነሮችም ነበሩ፤ ከታወቁት አዛዦች አንዱ ዳን ፒናር አፍሪካነር ነው። ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንም ለዚያ ጦር አገልግለዋል፤ ነገር ግን ጠመንጃ እንዲይዙ አልተፈቀደላቸውም። ሾፌር፣ ተሸካሚ፣ ቆፋሪ፣ አብሳይ ነበሩ። የጥቁር ሕዝብን ነጻነት ለመመለስ የመጣ ጦር የራሱን ጥቁሮች ከእሳቱ ዳር አላስነሳም።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ከዚያው አገር አንድ ጥቁር ሰው መጣ፤ እርሱ ግን ጠመንጃ ሊማር ነበር። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ጥር ውስጥ አዲስ አበባ ለተሰበሰበው የአፍሪካ ነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ንግግር አደረገ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ጥቁር አብራሪ አይቶ ለአፍታ ደንግጦ እንደነበር ራሱ ጽፎታል። አፓርታይድ በራሱ አእምሮ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ያወቀው በዚያች ቅጽበት ነበር። ብዙ አገሮችን ዞሮ በክረምቱ መግቢያ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ተመለሰና ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ገባ።

ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሥልጠና ነው። ታጥቦ ምሳ ይበላል፤ እስከ አሥር ሰዓት እንደገና ሥልጠና። ከዚያ እስከ ማታ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ውጊያ ጥበብ ያስተምሩታል። ተኩስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ፣ በኮልፌና በዙሪያዋ ረጅም የእግር ጉዞ። ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና ግን በሳምንታት ውስጥ ተቋረጠ፤ ፓርቲው ቶሎ ና አለው። ኮሎኔል ታደሰ ሲሸኙት ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጡት። በሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. አገሩ ውስጥ መንገድ ላይ ተያዘ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ተኩል ታሰረ። አሠልጣኙ ታደሰ ብሩም በስተኋላ ጄኔራል ሆነው፣ በመጫና ቱለማ ማኅበር ገብተው፣ ታስረው፣ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት እኛ አገር ብዙ ደም የተከፈለበት ነው።

ምግብ እንደ አጥር

ማንዴላ ሮበን ደሴት ሲገባ አፓርታይድ በሳህን ላይ ቀርቦ ጠበቀው። የእስር ቤቱ የምግብ ዝርዝር እስረኛውን በዘር ይከፍል ነበር። አንዱ መደብ ለክልሶችና ለእስያውያን ነው፤ ሌላው ለአፍሪካውያን። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት አውንስ ሥጋ፣ ለአፍሪካውያኑ አምስት። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማርማላት፣ ለአፍሪካውያኑ ምንም። ዳቦም ለአፍሪካዊ እስረኛ አይሰጥም ነበር፤ የእርሱ ድርሻ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ «ባህላዊ ምግባቸው» ነውና። የአንዲት አውንስ ልዩነት የማንንም ሆድ አይሞላም። ዓላማው መመገብ ሳይሆን በየቀኑ «አንተና እርሱ አንድ አይደላችሁም» ብሎ ማሳሰብ ነበር። ባህል የሚለው ቃል ሰው ክፉ ሲያስብ ለምን እንደሚያገለግል ከዚህ ዝርዝር የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ማንዴላ የመለሰው መልስ ግን የሚደንቅ ነው። እስር ቤት ውስጥ የጠባቂዎቹን ቋንቋ፣ አፍሪካንስን፣ ተማረ። ታሪካቸውን አነበበ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1995 ለነጮች ብቻ ተብላ ወደ ተመሠረተችው ኦራኒያ ሄዶ፣ የአፓርታይድ መሐንዲስ ከሚባለው ከሄንድሪክ ፈርቩርድ ባለቤት ጋር ሻይ ጠጣ። ሥርዓቱን ለመጣል ኮልፌ ድረስ መጥቶ ፈንጂ የተማረ ሰው ሕዝቡን ከሥርዓቱ ለየ። ማዕድ መቁረስ ይቅርታን አይተካም፤ ፍትሕንም አይተካም። ነገር ግን ጠላትህ ሰው መሆኑን ሳትረሳ እንድትታገለው ያደርጋል። ስለዚህ «በኮልፌ የአፍሪካነር ወጥ ይበላል ወይ?» ለሚለኝ መልሴ አዎ ነው፤ ማን እንዳበሰለው ታሪኩን እያወቅን።

ኮልፌ ላይ ሲጣድ

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ባለ ሦስት እግር ድስት ከሌላችሁ ክዳኑ የሚገጥም ወፍራም ብረት ድስትና የከሰል ምድጃ ይበቃል።

አንድ ኪሎ አጥንት ያለው የበሬ ሥጋ ግዙ፤ ጭራ ወይም የእግር ሥጋ ቢሆን ይመረጣል። ለጥብስ የሚሆነውን ለስላሳ ሥጋ አታባክኑ፤ ይህ ወጥ የተፈጠረው ለጠንካራው ሥጋ ነው። ሁለት ማንኪያ ዘይት አግሉና ሥጋውን ሳታጣብቡ በየተራ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በደምሳሳው ከትፋችሁ ጨምሩ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላል፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ። አንድ ብርጭቆ ተኩል ሙቅ ውሃ ጨምሩና ክደኑት። ከሰሉን ቀንሱ፤ ድስቱ መንተክተክ የለበትም፤ ቀስ እያለ ማጉረምረም ብቻ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። ሥጋው መለስለስ ሲጀምር አትክልቱን ደርድሩበት፤ ከታች ካሮት፣ በላዩ ድንች፣ በላዩ ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ። ጠንካራው ወደ እሳቱ፣ ለስላሳው ወደ ላይ። ከዚያ የቤቱ ሕግ ይመጣል፤ ማማሰያ አይገባም። የተደረደረው እንደተደረደረ በእንፋሎት ይበስላል። ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ አውጡት። መረቁ ቀጭን ስለሆነ እንጀራ ላይ ይፈስሳል፤ ሩዝ ወይም ድፎ ዳቦ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የደቡብ አፍሪካው ሰው ሦስት ሰዓት ይበቃል ቢላችሁ የኬፕ ሰው መሆኑን አስቡ። ኬፕ ታውን ባሕር ዳር ናት፤ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጅማትና በአጥንት ዙሪያ ያለው ጠንካራ ነገር ቀልጦ መረቁን እስኪያወፍር እዚህ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። አራት ሰዓት መድቡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለደጋ ኩሽና የበለጠ ይሠራል።

የእኛ ድስት ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ራሳችን ድስት እንመለስ። ዶሮ ወጥም የዝግታ ወጥ ነው፤ ሕጉ ግን ተቃራኒ ነው። ፖይኪውን አትንካው ይላሉ፤ የእኛን ቁሌት ደግሞ እጅ ከማማሰያው ከተለየ ያርራል። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ቀልጦ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ አንዲት ሴት እሳቱ ዳር ቆማ ታማስላለች። የበዓል ዋዜማ ሌሊት በኮልፌ መንደሮች ስታልፉ የሚሸታችሁ ያ ነው።

«የእኛ» የምንለው ይህ ወጥ ከምን ተሠራ? በርበሬው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ከ1492 በፊት በአፍሪካ፣ በእስያም ሆነ በአውሮፓ አልነበረም። ከታች የሚነደው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ዝርያ ባይመጣ ኖሮ፣ ዙሪያዋ ተራቁቶ የነበረው አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትፈታ ነበር። የኮልፌ አጣና ተራ የቆመው በዚሁ ዛፍ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ ያደረገው ዘሩ አይደለም፤ የተሠራበት እጅ ነው።

የእጁን ነገር ካነሣን ደግሞ ሸክላውን እናንሣ። ወጥ በሸክላ ድስት ካልተሠራ ጣዕም የለውም እንላለን። ሸክላውን የሚሠሩትን ግን ለዘመናት «ቡዳ» ብለን አብረን አልበላንም፣ አልተጋባንም። ከኮልፌ ቀጥሎ ባለው ጉለሌ፣ ቀጨኔ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች አፈር ተሸክመው፣ በእጃቸው ቀርጸው፣ በጭስ ውስጥ ተኩሰው ያወጡትን ድስት ሕዝቡ ይገዛል፤ ሴቲቱን ይሸሻል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ዛሬም አልጠፋም። ድስቱን ቅርስ ብሎ ድስት ሠሪዋን ቡዳ ማለት፣ ወጡን አፍሪካነር ብሎ አብሳዩን ባሪያ ከማለት በምን ይለያል?

እሳቱ ዳር ያለችው

ባለቤትነት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በአውሮፓ የራሱ ፈጠራ አድርጎ በፓተንት ሲያስመዘግብ መቃወማችን ትክክል ነበር። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ምንም አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሽሮታል። ያ ክርክር ግን ገበሬው የደከመበትን ሌላ ሰው እንዳይሸጠው የተደረገ ነው። የስልካችን ክርክር እንደዚያ አይደለም። ሽልማቱ ለገበሬውም ለአብሳይዋም አይደርስም፤ ለተከራካሪው ኩራት ብቻ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን በዚህ ላይ የራሳቸው ሙግት አላቸው። መስከረም 24 የቅርስ ቀናቸው ነው። ከ2005 ጀምሮ አንዳንዶች ቀኑን ሁሉም ሕዝብ እሳት አንድዶ ሥጋ የሚጠብስበት እናድርገው ብለው ተነሡ፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ደገፏቸው። ሌሎች ደግሞ ቀኑ የዙሉዎች የሻካ መታሰቢያ እንደነበር አስታውሰው፣ ታሪክ በሥጋ ጭስ እንዳይሸፈን ይላሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ። አብሮ መብላት ጥሩ ነው፤ ሳህኑን የሚያጥበው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን አይከለከልም።

ጥያቄውን ወደ ቤታችን ላምጣው። አራት ሰዓት እሳት ዳር የሚቆመው ማነው? ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ቤት መልሱ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት የምታወጣው፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ የምታጥበው፣ ቁሌቱን የምታማስለው እርሷ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ይላል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጁ የሚጠይቀውን የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሳምንት ዕረፍትና የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የወጣችን ባለሙያ በዚያው አዋጅ ልትጠይቅ አትችልም። መንግሥታት ተቀያየሩ፤ አዋጆች ተቀያየሩ፤ እርሷ ከአዋጁ ውጭ እሳቱ ዳር ቀረች።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ስንል ብዙ ጊዜ ተስፋ መቁረጣችንን ነው የምንናገረው። ተረቱ ግን ጉልቻ አያጣፍጥም አለ እንጂ የሚያጣፍጥ የለም አላለም። የሚያጣፍጠውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን። በልተን ስንነሣ ደግሞ «እጅሽ ይባረክ» ብለን እንመርቃለን።

ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ምርቃት ደመወዝ አይደለም፣ የዕረፍት ቀንም አይደለም። ደንቡ ወጥቶ በተግባር እስኪታይ የሚጠብቅ ይጠብቅ፤ በየቤታችን የሚጠበቅ ደንብ ግን የለም። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት፣ በቀኑ የሚከፈል ደመወዝ፣ የማታ ትምህርት ለምትፈልግ ሰዓት፣ አብሮ የሚቆረስ ማዕድ። ይህን ለመጀመር ምክር ቤት መሰብሰብ አያስፈልግም። ቀጥሎ «ዶሮ ወጥ የማን ነው?» የሚል ሙግት ስታዩ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ኩሽና ዘወር በሉና በዚህ ሳምንት ያረፈችበት ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።